የበሬው አንገትና የእኔ ትከሻ

ከአገር የወጣሁበትን ዋዜማ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እንባ አይደለም፤ አባዬ ስለ በሬ ማውራታቸው ነው። ሰቆጣ፣ አክስቴ በገነች ቤት ነበርን። ከዋግ ቆላ፣ ከዝቋላ፣ በእግርም በመኪናም ተንገላተን ገብተን፣ እራት ቀርቦ፣ እኔ በማግስቱ ጠዋት በወልድያው አውቶቡስ ልሄድ፣ አባዬ ጉርሻቸውን ይዘው "ቀዩን ለአያ ደሴ አደራ ብዬ ነው የመጣሁት። ውኃ አጠጥቶት ይሆን?" ይላሉ።

"ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ልጅህ ባሕር ልትሻገር ነው፣ አንተ ስለ በሬ ታወራለህ!" አለች አክስቴ።

አባዬ ቀና ብለው አዩኝ። "እሷማ አፍ አላት። ቢርባት ትናገራለች፣ ቢያማት ትናገራለች። እሱ ምን አፍ አለው?" አሉ።

አክስቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ትክክል መስሎኝ ነበር።

በእርግጥ የበሬው ነገር ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር፤ እኔም የምሄደው ለበሬ ነው። ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ዝቋላ ላይ ከብቱ አለቀ። ከሁለቱ በሬዎቻችን ዳማው ወደቀና ቀዩ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል። አንድ ቀን ያንተን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። አባዬ ከጎረቤታችን ከአያ ደሴ ጋር በመቀናጆ ያርሱ ነበር። አያ ደሴ ግን እርጅና ተጫጭኗቸው በሬያቸውን ሸጠው ኒሯቅ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ቆርጠዋል። እሳቸው ከሄዱ ቀዩ ብቻውን ምን ሊሠራ ነው? መሬታችን ለእኩል አራሽ ሊሰጥ ነው፤ አባዬ በገዛ ማሳቸው ዳር ቆመው ሌላ ሰው ሲያርስ ሊያዩ ነው። ስለዚህ አያ ደሴ ሳይሄዱ ሁለተኛ በሬ ማግኘት ነበረብኝ። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም፤ ቤት ልሥራ፣ ወርቅ ላድርግ ብዬ አልወጣሁም።

ጠዋት አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አባዬ በመስኮት በፌስታል የታሰረ በሶ አቀበሉኝና በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሉኝ። አባዬ ከሰው ጋር በአማርኛ ይግባባሉ፤ ኽምጣንጋው የልባቸውን ሲናገሩ ለእናቴ፣ ለእኔና ለበሬዎቹ ነው። ያሉኝን በአማርኛ ስናገረው ይደርቅብኛል፤ "ራስሽን አደራ" እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኤጀንሲ፣ ከዚያ ዱባይ። እንደ እኔ አሥረኛ ክፍል የደረሰችና "ጉድ ሞርኒንግ" የምትል ሴት ሆቴል ቤት ትገባለች ተብዬ ሆቴል ገባሁ። ዕድለኛ ነሽ አሉኝ። ከሰው ቤት ሠራተኝነት ጋር ሲያወዳድሩት እውነት ነው፤ ቢያንስ በር አይቆለፍብኝም።

ሙቀቱ እንደሚያወሩት አላስደነገጠኝም። ሌሎቹ የደጋ ልጆች "ልንቀልጥ ነው" ሲሉ እኔ "ዝቋላን አላያችሁም" እል ነበር። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ሰው በሊፍት አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። መጀመሪያ ሰሞን ላየሁት ሁሉ እጅ ስነሣ አንዱ እንግዳ ደንግጦ የክፍሉን ቁልፍ አወጣና አሳየኝ። ሌባ ነህ ያልኩት መስሎት ነው መሰል። ምግቡስ? ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። ያ ቤታችን ሳለሁ "ሁልጊዜ ማሽላ፣ ሁልጊዜ ማሽላ!" እያልኩ ያማረርኩበት እንጀራ በሕልሜ መጥቶ ያውቃል።

ሥራዬ ክፍል ማጽዳት ነው። እንግዳ ሲወጣ እገባለሁ፤ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ገንዳ እፈትጋለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ ምንጣፉን በቫክዩም አጸዳለሁ፣ ወደሚቀጥለው። ቀላል ይመስላል። አልጋው ግን "ኪንግ ሳይዝ" የሚሉት ነው፤ እኛ ቤት ሙሉ ቤተሰብ ያስተኛል። የፍራሹን አራት ማዕዘን ብድግ እያደረጉ አንሶላውን ከሥሩ መወተፍ አለ። እንግዳው ማታ በአንድ እግሩ በርግዶ የሚያወጣውን አንሶላ እኔ ቀኑን ሙሉ ስወትፍ እውላለሁ። ከዚህ ፍራሽ ማንሣት የተነሣ ቀኝ ትከሻዬን አንድ ነገር ወጋኝ። መጀመሪያ ሥራ ሲያልቅ ይተወኝ ነበር። ቆይቶ አብሮኝ መተኛት፣ አብሮኝ መነሣት ጀመረ። በመጨረሻ እስከ ጣቶቼ ወረደ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በተለይ ልትወጡ ያሰባችሁ። ሕመም እጅን ብቻ አይደለም የሚያዘገየው። ልብንም ይበትናል። ሳሙና ሳላስቀምጥ ወጥቼ ከሊፍቱ በር እመለሳለሁ። ያጸዳሁትን መታጠቢያ ቤት እንደገና አጸዳለሁ። ሰው መልካም ነገር ሲናገረኝ እንደ ስድብ ይሰማኛል። ፎጣ አጣጥፌ አጣጥፌ፣ ስንተኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ፣ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ። የሚያየኝ ሰው ሰነፍ ናት ይላል እንጂ አሟታል አይልም።

አብራኝ የምታድረው ሰአዳ የከሚሴ ልጅ ናት፤ አንደበቷ ምላጭ ነው። "ሂጂና ታከሚ! እናንተ ዋጎች ድንጋይ ነን ብላችሁ ነው?" ብላ ወደ ኩባንያው ክሊኒክ ሰደደችኝ።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ "እንዴት ነሽ?" አለኝ።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሕመም አለሽ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ሥራ ትችያለሽ?"

"እንዴታ!"

የአገሬ ሰዎች፣ እናንተማ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሊሞት የደረሰ ሰው እንኳ እንዴት አደርክ ሲባል ይመስገን ነው የሚለው። ሕመሙን ከሰላምታው ፊት ማስቀደም ነውር ነው፤ አምላክን ማማረር ይመስላል። ጠያቂውም እሺ ብሎ አይነሣም። ይቀመጣል፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ ያወራል። ከዚያ "አይ፣ ፊትህ ግን ደህና አይመስልም" ይላል። በሽተኛው "አይ፣ ትንሽ ነው" ይላል። ጠያቂው "ኧረ ትንሽ አይደለም፣ ንገረኝ" ብሎ ይይዘዋል። ሕመሙ የሚወጣው ያኔ ነው። እኔም "ፊትሽ ግን ደህና አይመስልም" እስኪለኝ እጠብቃለሁ። ሐኪሙ "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ። የሚቀባ ቅባትና ኪኒን ይዤ ወጣሁ።

ለሰአዳ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ሐኪም ቤት ሄደሽ ሰላምታ ሰጥተሽ መጣሽ? እንኳን ደህና ገባሽ!"

ዳግመኛ ሄድኩ። አሁን ገና ከበሩ "ያመኛል!" አልኩ፤ አፌ ላይ እንደ ስድብ ነው የከበደኝ። ሐኪሙ የቀድሞውን መዝገብ አየና "ባለፈው ደህና ነበርሽ። እንግዳ ሲበዛ ነው የታመምሽው?" አለኝ። አሁንም ቅባቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሱፐርቫይዘራችን ማዳም ሊዛ የምትባል የፊሊፒንስ ሴት ናት። ስሜ ዝናሽ ነው፤ እሷ "ዜና" ነው የምትለኝ። አንድ ቀን የአንሶላ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

"ዜና፣ ፐርፎርማንስሽ ወርዷል።"

"ትከሻዬ ነው፣ ማዳም።"

"ክሊኒኩ ጤነኛ ናት ብሏል።"

"ክሊኒኩ ፍራሽ አያነሣማ!"

ሳቋን ዋጠች። "ስሚኝ። ኮንትራትሽ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። የሚወስነው የእኔ ዓይን አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ክፍል ተጠናቀቀ፣ ክፍል ዘገየ ብቻ ነው የሚያውቀው። ትከሻ አያውቅም።"

ካልታደሰ መመለሴ ነው። በሬው ገና አልተገዛም፤ አያ ደሴ ደግሞ ከመኸር በኋላ ይሄዳሉ። ካምፕ፣ የሠራተኛው ማደሪያ፣ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ። ሰአዳ ጉልበቷን በፎጣ አስራ ተቀምጣለች። እሷም ለካ ጉልበቷ ካበጠ ሰንብቷል፤ ገንዳ ለመፈተግ መንበርከክ አልቻለችም። ለእኔ ሐኪም እያዘዘች ለራሷ ፎጣ ታስራለች።

"እኔ መንበርከክ አላቃተኝም" አልኳት።

"እኔም ፍራሽ ማንሣት አላቃተኝም" አለች።

ተያየን። "አንቺ፣ እንቀናጅ!" አልኳት።

ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ የገበሬ ልጅ ናት። ክፍሎቻችን በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ነበሩ። እሷ የሁለታችንንም አልጋ ታነጥፋለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች። እኔ የሁለታችንንም መታጠቢያ ቤት ተንበርክኬ በግራ እጄ እፈትጋለሁ። ደንቡ ግን እያንዳንዷ የራሷን ክፍል ብቻዋን ትሥራ ይላል፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘር ስትመጣ የሊፍቱ ድምፅ ሲሰማ ተሯሩጠን ወደየክፍላችን እንገባለን። ያ ሰሞን፣ እውነቴን ነው፣ ዱባይ ከገባሁ ወዲህ የሳቅሁበት ሰሞን ነው። ሰአዳ ፍራሹን ስታነሣ "ሃ! ቀዩ! ግፋ!" ትላለች፤ እኔ ከመታጠቢያ ቤት "ዳማው ሆይ፣ እየሰማሁ ነው" እላታለሁ። ትከሻዬ አልዳነም፣ ግን ልቤ ተሰበሰበልኝ። ሳሙና መርሳቴ ቀረ።

ኮምፒውተሩም ወደደን። ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ ሥራ በሚከፋፈልበት ሰዓት ማዳም ሊዛ ስማችንን ጠርታ አስጨበጨበችልን። "ዜናና ሰአዳ በጣም ተሻሽለዋል። ስለዚህ ትንሽ ክፍል እንጨምርላቸዋለን።" ሰአዳ እያጨበጨበች በጥርሷ መካከል በአማርኛ "ወይኔ! ለዚህ ነው እንዴ የተጨበጨበልን?" አለች።

ኮንትራቴ ታደሰ። የሰበሰብኩትን ላክሁ፤ አባዬ ከሰቆጣ ገበያ አንድ ጥቁር በሬ ገዙ፤ አያ ደሴም ሳይሄዱ በዓይናቸው አይተው መረቁልኝ። ሰፈሩ "የዝናሽ በሬ" ይለዋል አሉ። ሰአዳ ስትሰማ እልል አለች፤ የካምፑ ዘበኛ ሰርግ አለ ወይ ብሎ መጣ።

ደስታችን ብዙም አልቆየም። አንድ ቀን ማዳም ሊዛ በሊፍት ሳይሆን በደረጃ መጣች። ሰአዳ የእኔን አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ የገንዳው ሥር ተንበርክኬያለሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ደክሞኝ ነበርና እውነቱን ተናገርኩ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያርሱ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋት።

"ስለዚህ እናንተ በሬዎች ናችሁ?" አለች እየሳቀች።

ሰአዳ በአማርኛ "እንኳን በሬ! በሬውማ ያርፋል" አለች።

"ምን አለች?"

"ይቅርታ ነው የምትለው፣ ማዳም።"

ግን ሰአዳ ያለችው ከውስጤ አልወጣ አለኝ፤ ለማዳም ሊዛ ነገርኳት። ቀንበር አንገቱን የላጠውን በሬ አባቴ አያርሱበትም አልኳት። የእርሻ ወራት ቢሆን እንኳ ያሳርፉታል። እኛ ለጠጉራችን ያጣነውን ቅቤ ለእሱ አንገት ይቀቡለታል።

"ያረፈበትን ቀን ማን ይከፍላቸዋል?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ያሳርፉታል?"

"ነገ እንዲያርስላቸው ነዋ!"

እሷም የኮቷን ጫፍ ገለጥ አደረገች፤ ወገቧ ላይ ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ጠፍሯታል። "እኔም የቆምኩት በዚህ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ" አለች። ኮቷን መለሰች። "አባትሽ አንድ በሬ ነበር ያላቸው፣ ዜና። ይሄ ሆቴል ደጁ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ስንት በሬ አለው።"

ክፋት አልነበረባትም። ይልቅ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ እሰድባት ነበር። በማግስቱ ሰአዳን ወደ ሌላው ሕንፃ አዛወረቻት። የተጨመረብን ክፍል ግን አልተቀነሰም።

ሰአዳ እዚያ ብቻዋን ብዙ አልገፋችም። ጉልበቷ አልታጠፍ ሲል ኮንትራቷን ሳያድሱ ሸኟት። ሻንጣዋን እየጎተተች፣ እያነከሰች፣ "አንቺ ቀዩ፣ አሁን ብቻሽን ቀረሽ" አለችኝ። እኔ ሻንጣዋን ላነሣላት ብዬ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። አሁን ከሚሴ እናቷ ቤት ናት። ዶሮ አረባለሁ ትላለች፤ ዶሮ ፍራሽ የላትም ትላለች።

እኔ አለሁ። ጠጉሬን በግራ እጄ ነው የማበጥረው። ብርጭቆ ሳነሣ በሁለት እጄ ነው፤ የሚያየኝ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል። ኪኒኑን ጠዋት ሥራ ሳልገባ እውጣለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ያልቅብኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ክፍሎች ማን እንደሚሠራቸው እኔም አላውቅም። የልብስ ማስጫው ደርብ ላይ ወጥቼ ስቆም አንዳንዴ ነፋሱ ከቆላ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ያኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እንግዲህ ናፍቆት የሚሉት ይሄ ይሆናል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ቤት ደወልኩ። አባዬ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተው ነው የሚያነሡት፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"አባዬ፣ እንዴት ዋሉ?"

"ይመስገን። አንቺ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ ይመስገን። እናቴስ?"

"ደህና ናት። ዝናቡ ጣለልን እኮ! ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እያረሰ ነው።"

"እሰይ! እርስዎስ? ስንት ደረሱ?"

"ጀምሬ ነበር። ያንቺን በሬ ቀንበሩ አንገቱን ልጦብኝ አሳረፍኩት።"

"እንዴ! በዝናቡ ሰዓት? ሰው እያረሰ?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ቀንበር ሳነሣ ሲያይ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። አይናገር ነገር፣ አፍ የለው። ቅቤ ቀብቼ ጥላ ሥር አስሬዋለሁ። የዘገየው ይዘግይ፤ እሱ ይዳን እንጂ።"

ከዚያ ወደ ኽምጣንጋ ዞሩ። "አንቺስ? ሥራው እንዴት ነው? የሚያምሽ ነገር አለ?"

"የለም፣ ደህና ነኝ።"

"ድምፅሽ ግን ደህና አይመስልም።"

ከሐኪሙ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኸው መጣ። በአገሬ ቋንቋ፣ ከአባቴ አፍ። ትከሻዬ ነው ብል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ በሬውን ሸጬ ትኬት ልላክልሽ፣ ነይ ይሉኛል። ያደርጉታልም። ከዚያ ቀዩ ብቻውን፣ መሬቱ ለእኩል፣ አባዬ በማሳቸው ዳር።

"ዝናሽ? ትንሽ ነገር እንኳ ቢሆን ንገሪኝ።"

ስልኩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት።

"ኔትወርኩ ነው፣ አባዬ። በሬውን ግን አያስቸኩሉት፤ በደንብ ይረፍ።"